በአሚን የተገኘ ዜሮ

የመጀመሪያው ቀን፣ ንጋት፣ ደሴ

ጎህ ሳይቀድ ደሴ መናኸሪያ ደረስኩ። ከጦሳ ተራራ የወረደው ጭጋግ ሚኒባሶቹን ውጧቸዋል። «ሐይቅ፣ ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ» የሚል የረዳት ድምፅ ይሰማል፣ ረዳቱ ግን አይታይም። ዛሬ ተጋፍቼ አልሳፈርም፤ መኪና ተልኮልኛል። የስፖርት ገጽ መጻፍ ከጀመርኩ ወዲህ ማንም መኪና ልኮልኝ አያውቅም። አንድ ክለብ ለጋዜጠኛ መኪና ከላከ ወይ ዋንጫ አግኝቷል፣ ወይ የሚደብቀው ነገር አለው። የሐይቅ ዳር ክለብ ዋንጫ እንዳላገኘ ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዡን የምሠራው እኔው ስለሆንኩ በደንብ አውቃለሁ።

የጠራኝ የክለቡ የዘላቂነት ኃላፊ አቶ ከማል ነው። ስታዲየማቸው ነገ «ዜሮ ካርቦን» ተብሎ የምስክር ወረቀት ሊሰጠው ነው፤ መጥተሽ ዘግቢልን፣ በዚያውም አምባሰል ወጥተሽ ደናችንን ፎቶ አንሺልን አለኝ። ሐይቅ ያለ የኳስ ሜዳ አምባሰል ላይ ምን ደን አለው ብዬ ብጠይቀው፣ ስትመጪ ይገባሻል ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ነገሩ እንግዳ ለሆነበት አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ስታዲየም ጭስ አለው። መብራቱ፣ ሲሚንቶው፣ ሣሩን የሚያጠጣው ሞተር፣ ደጋፊ ጭኖ የሚመጣው አይሱዙ፣ ሁሉም ያጨሳል። ያ ጭስ ይደመራል፤ ዛፍ የሚውጠው ይቀነሳል፤ ዜሮ ከመጣ ይጨፈራል። መደመሩና መቀነሱ የአራተኛ ክፍል ሥራ ነው። ሰውን የሚያቅተው የራሱን ጭስ የራሴ ነው ማለት ነው። ፈስ ያለበት ዝላይ አይችልም ይባላል፤ እኔ ግን ሐይቅ ላይ ሲዘሉ አይቻለሁ፣ እንዴት እንደዘለሉም ላወራ ነው የተቀመጥኩት።

ሾፌሩ ሰይድ ይባላል፤ ከአንድ የዓረብ አገር ከተመለሰ ብዙ አልቆየም። ፒክአፑ ያረጀች ናት። ሲያስነሳት አሳላት፣ አሳላትና ነጩን ጭጋግ የሚያጠቁር ጭስ ለቀቀች። ዜሮ ካርቦን የሆነ ክለብ የላካት መኪና መሆኗ ነው።

«ይኸ ጭስ በማን ስም ነው የሚጻፈው?» አልኩት ለጨዋታ ያህል።

«ባንቺ ነው እታለም» አለኝ ሳይስቅ። «ከማል ነግሮኛል። የጋዜጠኛ ጉዞ የጋዜጣው ነው እንጂ የኛ አይደለም ብሏል።»

ረፋድ፣ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሐይቅ መንገዱ ቁልቁል ነው። ግንቦት እያለቀ ነውና ማሳው ታርሶ ዝናብ ይጠብቃል። የድንጋይ እርከን፣ የአህያ መንጋ፣ የጫት ቅርጫት የተሸከሙ ሴቶች፣ ጎማው የፈነዳ አይሱዙና ጥላው ሥር የተኙ ተሳፋሪዎች። ሰይድ እየነዳ የዓረብ አገሩን አጫወተኝ። እዚያ ጣሪያው ክፍት የሆነ ስታዲየም ውስጥ የማቀዝቀዣ ቱቦ ሲያጸዳ ነበር የኖረው። «ሰማዩን ነበር የምናቀዘቅዘው» አለኝ። በዚያው ስታዲየም ግድግዳ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ቀብቷል፣ ያ ቅጠል በየወሩ ይታደስ ነበር። አገሬ ስመለስ ከዚህ ዓይነት ነገር እገላገላለሁ ብዬ ነበር ሲል መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

ሐይቁ ከመንገዱ ማዶ ብልጭ ሲል ጭጋጉ ተገፈፈ። ከተማዋ እንደወትሮዋ ባጃጅና ጩኸት ናት። ገና ከዘይት የወጣ አሳ በልተን፣ ዋጋው ካለፈው ጉዞዬ እጥፍ መሆኑን ለምግብ ቤቱ ባለቤት ብነግራት፣ አሳው እንደሆነ አንድ ነው፣ የተወደደው ዘይቱ ነው ብላ አሰናበተችኝ። ሐቀኛ ሒሳብ በዚያ ቀን የሰማሁት ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ እሷ ዘንድ ነው።

ስታዲየሙ በር ላይ የሰው ቁመት የሚያህል አረንጓዴ ዜሮ ተተክሏል። ሰይድ ወደ ዜሮው በአገጩ እያመለከተ፣ ዜሮማ ድሮም ነበረን፣ ጎል ካገባን ስንት ጊዜያችን ነው፣ አለ። አቶ ከማል በተተኮሰ ሱሪና በአረንጓዴ ክራቫት በሩ ላይ ተቀበለኝ። ወጣት ነው፣ ትሑት ነው፣ ሲናገር ዓይኑ ያበራል። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ መጻፉ ይቀለኝ ነበር።

ጉብኝቱን ከጣሪያው ጀመርን። የክቡራን መቀመጫው ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። ምን እንደሚያበሩ ጠየቅሁ። የመልበሻ ክፍሉን አምፖል፣ አለኝ በኩራት። ይህን ሲነግረኝ ከግንቡ ጀርባ አንድ ሞተር እያጓራ ስለነበር ድምፁን ከፍ ማድረግ ነበረበት። ዞር ስል ግንቡ ተበስቶ ክንድ የሚያህል ገመድ ገብቷል።

«ያ ጀነሬተር አይደለም?»

«ነው፤ ግን ከድንበራችን ውጪ ነው» አለኝ። «ሒሳቡ የሚሠራው ለግቢው ነው። ከግንቡ ወዲያ ሰፈር ነው።»

ሰፈሩ ያውቀዋል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሳቀና ወደ ሣሩ ወሰደኝ። ሣሩ እውነትም ያምራል። ውኃው ከሐይቁ በናፍጣ ሞተር ይሳባል፤ ነገር ግን ቧንቧው ሜዳ ከመግባቱ በፊት በአንድ ገበሬ የሽንኩርት መደብ በኩል ዞሮ፣ ሁለት መስመር ሽንኩርት አጠጥቶ ይመጣል። ስለዚህ ሞተሩ የመስኖ ሞተር ነው፣ ጭሱም የግብርና ነው። ሲሚንቶው? መቁጠር ከመጀመራችን በፊት የፈሰሰ ነው። ብረቱ? እሱም እንደዚያው። ይህን ሁሉ የሚነግረኝ ሳይደብቅ፣ ሳያፍር፣ ጎበዝ ተማሪ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ወጥቶ እንደሚሠራው እያስረዳ ነው።

ደጋፊው ደግሞ የሚመጣው በአይሱዙ ነው፤ ከአምባሰል፣ ከመርሳ፣ ከየገጠሩ። እሱ እንዴት ተቆጠረ? አልተቆጠረም። ክለቡ ጨዋታዎቹን ሁሉ ወደ ገበያ ቀን አዛውሯል። ሰው ገበያ መጥቶ በዚያው ኳስ ካየ ጉዞው የገበያው ነው። ለዚህም ማስረጃ እንዲሆን በር ላይ ከትኬት ሌላ የሚሸጥ ነገር መያዝ ግዴታ ሆነ። ሰይድ ከኋላዬ ሆኖ ሲያብራራው፣ ደጋፊው አንድ አንድ ዶሮ ይዞ ይመጣል፣ ዶሮዋ ግን አትሸጥም፣ ኳስ አይታ ትመለሳለች፤ የአጎቴ ልጅ ዶሮ ከቀኝ ተከላካያችን ይልቅ ብዙ ጨዋታ አላት። አቶ ከማል ሰምቶ እንዳልሰማ ሆነ።

ይህ ሁሉ ተደልድሎም ትንሽ ጭስ ተርፎ አስቸገረ። እሱን የሚውጥ ዛፍ ነው አምባሰል ላይ የተገኘው።

ሻይ ላይ ስንቀመጥ ለምን እንዲህ እንደሚደክም ጠየቅሁት። ያን ጊዜ ፈገግታውን አጠፋው። ምስክር ወረቀቱ ከመጣ ትልልቅ ውድድር ይመጣል፤ ውድድር ከመጣ እንግዳ ይመጣል፤ ታናሽ ወንድሜ በባሕር ሊሄድ ደላላ እያነጋገረ ነው፣ እዚህ የሚያስቀረው ሥራ እፈልጋለሁ አለኝ። አመንኩት። ቢሆንም ከሐይቅ ተነሥቼ አምባሰል እስክደርስ ያ ገመድ የገባበት ቀዳዳ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከሰዓት፣ ውጫሌና አምባሰል

ሰይድ ፍላሽ ሰክቶ አምባሰልን ለቀቀው። በዘፈን የሚሰሙት አምባሰል እንባ ያመጣል፤ በዚች ፒክአፕ የሚወጡት አምባሰል የሚያመጣው ሌላ ነገር ነው። ውጫሌን አልፈን ከአስፋልቱ ተገንጥለን ሽቅብ ስንጀምር ጭንቅላቴን በመስኮት አውጥቼ ነው የሄድኩት። አቧራ፣ ገደል፣ ገደሉ አፍ ላይ የሚግጡ ፍየሎች፣ ማዶ ለማዶ የሚተያዩ የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንዷ መስጊድ፣ ከሷ ከፍ ብሎ አንድ ቤተ ክርስቲያን። ሰይድ ጠማማው ላይ ሁሉ ቢስሚላህ እያለ ያልፋል፣ እኔም በልቤ በራሴ ቋንቋ አግዘዋለሁ።

«ደኑ» ባሕር ዛፍ ነው። አምስትም ስድስትም ሰዎች በየማሳቸው ጠርዝ የተከሉት፣ እንደ ማንኛውም የወሎ ገበሬ ለምሰሶና ለማገር ያሳደጉት ባሕር ዛፍ። ልዩ የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ግንድ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ዜሮ ተቀብቷል። ካሜራዬን እንዳወጣሁ ከዛፉ ሥር ድምፅ መጣ።

«ከኳሱ ነሽ ከዛፉ?»

እትዬ ዘሀራ ናቸው። ቀጭን ረጅም ሴት፣ ነጭ ሻሽ፣ ከራሳቸው የሚረዝም በትር። በአካባቢው የታወቁ ዱበርቲ ናቸው፤ ማለት ዱአ ባለበት ሁሉ ተጠርተው የሚመርቁ አሮጊት፣ ምርቃታቸው ይደርሳል የሚባልላቸው። ነገ ስታዲየሙ ላይ የዛፍ ባለቤቶቹን ወክለው እንዲመርቁ አቶ ከማል ጠርቷቸዋል፣ ሰይድም እሳቸውን ይዞ እንዲወርድ ታዟል። ከጋዜጣ ነኝ አልኳቸው። ጋዜጣ ጣሪያ ይሆናል ወይ ብለው ጠየቁኝ።

የጠየቁበት ምክንያት ከዛፉ ሥር ተቆልሏል። አዲስ ቆርቆሮ ነው፣ በጆንያ ተሸፍኖ ድንጋይ ተጭኖበታል። ባለፈው ክረምት ቤታቸው ተደርምሶ ከወንድማቸው ጓሮ አንዲት ክፍል ውስጥ ተጠግተዋል። ልጃቸው ጦይባ ከጂዳ፣ የሰው ቤት ወለል እየወለወለች፣ ቆርቆሮውን ልካለች። ክረምት ሳይገባ ልትመጣ ነው፣ ስንት ዓመት ቆይታ። ምሰሶውና ወራጁ ደግሞ ሟች ባላቸው የተከሉት እዚሁ ቆሟል። ቆርቆሮ አለ፣ እንጨት አለ፣ ጅጌ፣ ማለት ደቦ፣ የሚወጣ ጎረቤት አለ፣ ቤት ግን የለም። ዛፉ የስታዲየም ነውና አይቆረጥም።

የርስዎ ዛፍ እንዴት የስታዲየም ሆነ አልኳቸው። ሣቁና መሬት ላይ ተቀመጡ፣ እኔንም በበትራቸው ጫፍ አጠገባቸው አስቀመጡኝ።

አቶ ከማል አምና ሙክት ይዞ መጣ፤ አገሩን ዱአ እናድርግለት አለ። ደግ ልጅ ነው ተባለ። ሙክቱ ታርዶ፣ ተበልቶ፣ ጫቱ ተቅሞ ሰው ደስ ባለው ሰዓት ከማል ተነሣና እኔ ልመርቅ አለ። ዛፋችሁ ይለምልም አለ፤ አሚን ተባለ። ጥላው ለልጅ ልጅ ይትረፍ አለ፤ አሚን። ለኳስ ሜዳችን ጋሻ ይሁነው አለ፤ አሚን። ምሳር አይንካው አለ፤ አሚን። ጥግ ላይ የተቀመጠ አንድ ጸሐፊ ይጽፍ ነበር። በሣምንቱ ቀለም የያዙ ሰዎች መጥተው ዜሮ ይቀቡ ጀመር። እትዬ ዘሀራ ቀበሌ ሄደው የመቁረጫ ፈቃድ ሲጠይቁ፣ ማኅበረሰቡ ዛፉን ላለመቁረጥ በሙሉ ድምፅ ተስማምቷል የሚል ቃለ ጉባኤ ተነበበላቸው።

«ታዲያ ለምን አሚን አላችሁ?» አልኩ፣ ጅል ጥያቄ መሆኑ ሳይገባኝ።

«ሰው ሲመርቅሽ ምን ትያለሽ?» አሉኝ። «ቆይ ላስብበት ትያለሽ?»

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ ቁልቁል ውጫሌ ትታያለች። በዚህ አካባቢ ሰው ያላለውን ብሏል ተብሎ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ይህ የመጀመሪያው አይደለም። የድሮው ግን ቢያንስ ሙክት ታርዶለት አልነበረም። ተናደድኩ፣ እውነቴን ነው። አንድ አምፖል በፀሐይ አብርቶ ጀነሬተሩን በግንብ ጀርባ የደበቀ ክለብ፣ ዜሮው እንዳይጎድልበት አንዲት ሴት ክረምቱን በሰው ጓሮ ትደር ብሏል። የስታዲየሙን ጭስ እየዋጠ ያለው ዛፉ ሳይሆን እሳቸው ናቸው።

በድብቅ ለምን አይቆርጡም ብዬ ብጠይቅ ሰይድ በዓይኑ ገሠጸኝ። ነገሩ የቀበሌ ፈቃድ ብቻ አልነበረም። ምሳር አይንካው በተባለው ላይ አሚን ብሎ ምሳር ማንሳት የሚደፍር ጎረቤት የለም፣ እጄ ይደርቃል ብሎ የሚፈራ አለ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ጅጌ ቢጠሩ ማንም አይመጣም፣ አሚኑ ካልተፈታ በቀር።

ማታ በወንድማቸው ቤት የማሽላ እንጀራ በሽሮ በላን፣ አሬራ ጠጣን። እትዬ ዘሀራ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ነገ ማን ማን እንደሚመጣ ጠየቁኝ። ከንቲባው ይመጣሉ ተብሏል፣ የናንተው የቀበሌ ሊቀ መንበር ተጠርተዋል፣ ምስክር ወረቀቱን የሚሰጠው መዛኝ ደግሞ ከአዲስ አበባ ይመጣል አልኳቸው።

«አማርኛ ይሰማል?»

«እንዴታ፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነው።»

«እንግዲያ ደግ» አሉና ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ሁለተኛው ቀን፣ የገበያ ቀን፣ ሐይቅ

በማለዳ ወረድን። እትዬ ዘሀራ ከፊት ተቀምጠው መስኮቱን ከፍተዋል፤ በየመንደሩ ሰው ሰላም ይላቸዋል፣ እሳቸውም ሳይሰለቹ ይመርቃሉ። የምናልፋቸው አይሱዙዎች ደጋፊ ጭነው ያለከልካሉ። ሰው ቢጫ ማልያ ለብሶ፣ ዶሮውን በብብቱ ይዞ ይዘፍናል። እውነትም ገበያተኛ መስለዋል፤ ከበሮው ባይኖር።

የስታዲየሙ በር ላይ ፈታሹ ትኬት ያያል፣ ዶሮ ያያል፣ ያስገባል። ዶሮ የረሳ አንድ ሽማግሌ ሲከራከር ከኋላው ያለው ሰው የራሱን አውሶት ገባ። አንዷ ዶሮ ቢያንስ ሦስት ሰው አስገብታለች።

መዛኙ ነጭ ባርኔጣ ያደረገ፣ ሙቀቱ ያላበው፣ ጨዋ ሰው ነው። የምስክር ወረቀቱ በአረንጓዴ ክር ታስሮ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ከንቲባው ተናገሩ፣ ሌላም ሰው ተናገረ። ከዚያ መዛኙ በድምፅ ማጉያው ጥያቄ ልጠይቅ አለ፤ ይህ የድምፅ ማጉያ ሁሉ የሚሠራው በምን ኃይል ነው? አቶ ከማል ተቀበለና «ሙሉ በሙሉ በፀሐይ» ሲል ከግንቡ ጀርባ ያለው ጀነሬተር ሳል ሳል ብሎ ጠፋ። ማጉያው አብሮ ጠፋ።  መዛኙ ቀና ብሎ ሰማዩን አየ፤ ፀሐይዋ አለች፣ ደመናም የለም። ከግንቡ ወዲያ አንድ ሰው ገመድ ሲጎትት፣ ሲሳደብ፣ ደግሞ ሲጎትት ተሰማ፤ ሞተሩ ተነሣና አቶ ከማል ካቆመበት ቀጠለ። ሕዝቡ ሣቀ። ዶሮዎቹም ተንጫጩ። መዛኙ አልሣቀም፣ ግን አፉን በባርኔጣው ሸፈነ።

ያን ድባብ የሚያነሣ ምርቃት ነው ብለው መሰለኝ ቶሎ እትዬ ዘሀራን ጠሩ። በበትራቸው እየተመረኮዙ መሐል ሜዳ ቆሙ። ሁሉም ተነሣ፣ ሁሉም መዳፉን ዘረጋ። ከንቲባው፣ መዛኙ፣ ተጫዋቾቹ፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር። አቶ ከማል ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ከሁሉ ከፍ አድርጎ ዘርግቷል።

«አላህ ይህን ሜዳ የፍቅር ያርገው።»

አሚን አለ ሜዳው።

«ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም ባንድ ያስቀምጠው።»

አሚንም አሜንም ተባለ።

«እንግዳችንን በሰላም ይመልሰው። ልጆቻችን ጎል ያግቡ።»

የዚህኛው አሚን ሐይቁን አቋርጦ የሚሰማ ነበር። ሰው ሣቀ፣ ዘና አለ፣ ትከሻውን አላላ። እያሳሳቀ ይወስዳል እንደ ውኃ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። እትዬ ዘሀራ ድምፃቸውን አልቀየሩም፣ አልቸኮሉም።

«የተከለ ይቁረጥ።»

«አሚን!»

«የቆረጠ ቤት ይሥራበት፣ ዝናብ ሳይቀድመው።»

«አሚን!»

«ያጨሰ ጭሱን በራሱ ስም ያስጽፍ፣ በጎረቤት አያላክክ።»

«አሚን!»

አቶ ከማል ከሁሉም ጮክ ብሎ ነው አሚን ያለው፣ አጠገቡ ነበርኩ። ዓይኑን የገለጠው በመጨረሻው ላይ ነው፤ መዳፉ ግን ፊቱን አብሶ ጨርሶ ነበር። መዛኙ ራሱ ጥርት ያለ አሜን ብሏል። እትዬ ዘሀራ ጠረጴዛው ጥግ ወደተቀመጠው ጸሐፊ ዞሩ፤ አምና ሙክቱ ላይ የነበረው እሱ ነው።

«ጻፍከው የኔ ልጅ? በሙሉ ድምፅ ነው።»

ከዚያ መዛኙ ምን ለማለት እንደፈለጉ ጠየቃቸው፤ እሳቸውም እዚያው መሐል ሜዳ፣ ማጉያው እንደበራ፣ ስለ ዛፉ፣ ስለ ሙክቱ፣ ስለ ቆርቆሮውና ስለ ጦይባ ነገሩት። አንድም ቃል አላከሉም። ሰውዬው ሰምቶ ሲጨርስ ወረቀቱን አንሥቶ ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ የግንቡንም ወዲያ፣ የሽንኩርቱንም መደብ፣ የአይሱዙዎቹንም ጉዞ ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ጥሩኝ፣ ዜሮ ባይመጣም እመጣለሁ አለ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ከንቲባውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ የአምባሰል ጎረቤቶቹን አየ። ሐይቅ ሙሉ ሰው ፊት ያሉትን አሚን ማን ይመልሳል? ፈቃዱን ነገ በማለዳ መጥተው ይውሰዱ አላቸው። ጎረቤቶቹም እዚያው የጅጌውን ነገር መነጋገር ጀመሩ፤ የታሰረው በታሰረበት ተፈቷል።

አቶ ከማል ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክራቫቱን እያላላ ነበር። አዘንኩለት። የታናሽ ወንድሙ ነገር ትዝ አለኝ። ግን አንድ ወንድም ከባሕር ለማስቀረት የሌላ ሰው ልጅ በባሕር ማዶ ለፍታ የላከችውን ጣሪያ መሬት ላይ ማስተኛት ምን ዓይነት ድምር ነው? ይህንኑ ነገርኩት። 

ጨዋታው ተጀመረ፣ ጨዋታው አለቀ፤ ዜሮ ለዜሮ። ጎል ይግባ የተባለው ምርቃት ለሌላ ቀን ቀረ። በዚያን ዕለት ሐይቅ ላይ በሐቅ የተቆጠረ ዜሮ እሱ ብቻ ነው። እትዬ ዘሀራ ከደጋፊዎቹ ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ወጡ፣ አንዱ ዶሮውን አስታቅፏቸው።

ወደ ደሴ ስንመለስ ፒክአፗ ዳገቱን እያቃሰተች፣ ጥቁሩን ጭስ እየለቀቀች ነው። ሰይድን የመልሱን ጭስ በኔ ስም ጻፈው፣ የመጣሁት እኔ ነኝ አልኩት። መሪውን ለቆ ሁለት መዳፉን ሊዘረጋ ሲል ጮህኩበት፤ በአንድ እጁ አሚን አለ።

ሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ፣ ደሴ

ቤቴ ገብቼ፣ አቧራዬን ታጥቤ፣ ይህን ማስታወሻ ልጽፍ ስቀመጥ ስልኬ ጮኸ። አቶ ከማል ነው። ድምፁ ታድሷል፣ ሌሊቱን አላንቀላፋም። መፍትሔ አግኝቷል። ባሕር ዛፉ ሲቆረጥ ይቃጠላል ብለን ፈርተን ነበር አለኝ፤ ቤት ከተሠራበት ግን ካርቦኑ ምሰሶውና ወራጁ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የእትዬ ዘሀራ ቤት የስታዲየሙ የካርቦን ማከማቻ ሆኖ ይመዘገባል።

 ጀነሬተሩስ አልኩት። እሱን እያሰብንበት ነው አለ። እትዬ ዘሀራስ በቤታቸው መመዝገብ ይስማማሉ ወይ አልኩት።

«ቤቱ ሲያልቅ እንመርቀዋለና» አለኝ በደስታ። «ሙክት ገዝቻለሁ።»

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው የእትዬ ዘሀራ ወንድም ዘንድ ደወልኩ። ሰውዬው ስልኩን ይዞ ሲሮጥ ትንፋሹ ይሰማኛል። ከበስተጀርባው ምሳር እንጨት ላይ ያርፋል፣ ቆም ይላል፣ ደግሞ ያርፋል። ሰዎች ይጠራራሉ፣ አንዱ ዘወር በሉ ይላል፣ ከዚያ ባሕር ዛፍ ሲወድቅ ያለው ያ ረጅም ድምፅ መጣ። እትዬ ዘሀራ ስልኩን ተቀበሉ። ከማል ያሰበውን ከሥሩ ነገርኳቸው፤ ማከማቻውን፣ ምዝገባውን፣ ሙክቱን። 

«ይምጣ የኔ ልጅ» አሉ። «ሙክቱንም ይዞ ይምጣ፣ ቤት ያለ ምርቃት አይገባም። እኔም ከእንግዲህ አሚን የምለው ሰምቼ ነው።»